የአምናው ብር

በሂንድ ምድር፣ ናዋብ የሚባል ገዢ በሚገዛት አንዲት ትንሽ ግዛት፣ ስሟ ዛሬ የማይነሳ የጥንት ከተማ ነበረች። የራሷን ብር ትመታ ነበር። ብሩ የሚመታበትን የብረት ማኅተም የሚቀርጹት ሸኽ ቁጥቡዲን የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። ውዱእ ሳያደርጉ መቅረጫቸውን አያነሱም፤ የናዋቡን ስምም የዓመተ ሂጅራውን ቁጥርም በዚያ በጠራ እጃቸው ይጽፉት ነበር።

የከተማዋ ልማድ ግን የተረገመ ነበር። ሙሐረም በገባ ቁጥር አዲስ ዓመት የተጻፈበት ብር ይወጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአምናው ብር ዋጋው ይወርዳል። ብሩ ያው ብር ነው፤ ክብደቱ አልጎደለም፣ ንጣቱም አልደበዘዘም። ቁጥሩ አረጀ ተብሎ ብቻ ገንዘብ ለዋጮቹ ከዋጋው ይቀንሱበታል፤ የቀነሱትንም ከናዋቡ ግምጃ ቤት ጋር ይካፈላሉ። ባለጸጋው ወሬው ቀድሞ ስለሚደርሰው በጊዜ ይለውጣል። የሚዘረፈው ማን ነው? ጥሪቱን በእንስራ የቀበረው ድሃ! ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ዝም።

አንድ የሙሐረም ጠዋት ሰኪና የምትባል፣ ሸማኔ ባሏ የሞተባት ሴት ከሸኹ ደጅ ደረሰች። የቲም ልጆቿን የምታሳድግበትን የሽመና ዕቃ ሚርዛ ሐቢብ ለሚባል ገንዘብ ለዋጭ አስይዛ ነበር። ማስመለሻውን ከልጆቿ ጉሮሮ ቀንሳ፣ ቋጥራ ብትወስድለት፣ "የአምና ብር ነው፤ ይጎድላል። እስከ መግሪብ ካልሞላሽ ዕቃውን እሸጠዋለሁ" ብሎ መለሳት።

"አንቱ ሸኽ፣" አለች ብሩን ፊታቸው ዘርግፋ፣ "ቁጥሩን የሚጽፉት አንቱ ነዎት አሉኝ። ብሬ ትናንት ሙሉ ነበር። ሌሊቱን ምን በደለ?"

ሸኹ የእሷን ብር ከአዲሱ ጋር በሚዛን አስቀመጡት። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። "አስታግፊሩላህ!" አሉ። ያን ሁሉ ዘመን የበሉት እንጀራ ከማን አፍ እንደተነጠቀ ያኔ ታያቸው።

ብድግ ብለው ወደ ሚርዛ ሱቅ ሄዱ። ሚርዛ በመስጊድ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከመጀመሪያው ሰፍ ላይ ካልቆመ ሰላቱ የሚቆጠርለት የማይመስለው ሰው ነው።

"አላህን አትፈራም? ይህ የየቲም ሐቅ ነው!" ብለው ጮኹበት።

ሚርዛ ሙስበሐውን እየቆጠረ ሳቀ። "እኔ ምን ቤት ነኝ፣ ሸኽ? ልማድ ነው። ደግሞስ አንቱው ጽፈው አንቱው ይቆጣሉ?"

ሸኹ ሰኪና ወደምትጠብቃቸው ደጃቸው ተመለሱ። ከግምጃ ቤቱ በአዲስ ብር የተከፈላቸውን ደሞዝ ከወገባቸው ፈትተው የሰኪናን ብር አንድ ባንድ ለወጡላት። የሽመና ዕቃው በዚያው ቀን ተመለሰ። ሰኪና መረቀቻቸው፤ ምርቃቷ ግን አንገበገባቸው። ዘንድሮ ሰደቃ ሰጥቶ ለከርሞ እንደገና መዝረፍ፣ ይሄ ምን የሚሉት ዲን ነው?

ቁጣቸው አልበረደም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ናዋቡ አዲሱን ማኅተም እንዲቀርጹ አስጠራቸው። ሸኹ መቅረጫቸውን እግሩ ሥር ጣሉት።

"የአምናው ብር በሙሉ ዋጋው ይሂድ ብለው ካላወጁ አልቀርጽም።"

ናዋቡ ደም ሥሩ ተገታተረ። "አንተ ሽማግሌ! ከሰጠሁህ ቤት ትወጣለህ፤ እንጀራህም ይቆረጣል። ነገ ሌላ ቀራጭ አስቀምጣለሁ። ሠራተኛ የማጣ መሰለህ?"

"አያጡም፣" አሉ ሸኹ። "ዙልምና ግፍ ሠራተኛ አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን እኔን አጣ።"

ወገኖቼ፣ እውነቱን አልደብቃችሁም፤ ሌላ ቀራጭ መጣ፣ ቁጥሩም ተጻፈ። ሸኹ ቤታቸውን ተነጥቀው በመስጊድ ጥግ ኖረው ሞቱ። "ታዲያ ምን ለወጡ?" የሚለኝ አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው ነው ከሁሉ የሚያናድደኝ! ሸኹ በአላህ ፊት የሚጠየቁት ስለ ናዋቡ እጅ አልነበረም፤ ስለ ገዛ እጃቸው ነበር። እኛ ግን "ታዝዤ ነው"፣ "እኔ ፊርማዬን ብቻ ነው ያኖርኩት" እያልን በሰላም እንተኛለን። ቂያማ ቀን ሸኹ ያልደረሱላት አንዲት ድሃ ሴት "ሐቄን!" ብላ ብትቆም፣ ናዋቡ ልማዱን ከአባቶቼ አገኘሁት ይላል። ለዋጩ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ይላል። አዲሱ ቀራጭም የታዘዝኩትን ሠራሁ ይላል። ሁሉም ንጹሕ። የድሃዋ ብር ግን ጎድሏል።