ጥሩዬን ከእህቷ ያራቀው ቦርድ

ይህ ወሬ ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ነውና ጆሯችሁን አውሱኝ፤ አንዱን ከጣላችሁ ሌላው አይገኝም።

ባሕር ዳር ውስጥ ደሳለው የሚባል ቀለም ቀቢ ነበረ። ሚስቱ ጥሩዬ ትባላለች። ጥሩዬ ከተኛች ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን፤ ያማራትን ስጧት» ብለው ሸኝተዋታል። እሷን ግን ምንም አያምራትም። ሾርባ ሲሏት ፊቷን ታዞራለች፤ ወተት ሲሏት ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ማለዳ ዓይኗን ገለጠችና «ደሱ» አለችው።

«አቤት ጥሩዬ።»

«እታለምን አምጣልኝ።»

እታለም የምትላት ታላቅ እህቷን አዝመራን ነው። እናታቸው ስትሞት ጥሩዬን አዝላ ያሳደገቻት አዝመራ ናት። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረኮንች መንገድ ዳር ትኖራለች፤ ግራ እግሯ ከሰለለ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከደጇ አትወጣም።

ደሳለው ስልኩን አወጣ። «ልደውልልሽና አናግሪያት።»

«ድምጿንማ ሰማሁት። ፊቷን ነው የምፈልገው።»

ትንሽ ነገር ናት፤ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ደሳለውም ለዚህ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሳይክል አለው። ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱ አልታጠፍ ካለ በኋላ ፔዳል መምታት ስላቃተው የገዛው ነው፤ ከኋላው ሰፊ መቀመጫ አለው። ቁልፉን አዞረ። ዝም። ደግሞ አዞረ። ዝም። ባጃጅ እንዳይዝ ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ሁሉ ማደያ ደጅ ተሰልፈው ቆመዋል።

ሳይክሉ አልሄደም፤ አዝመራ አልመጣችም፤ ጥሩዬም እህቷን አላየች።

ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ደሳለው ባትሪውን ነቅሎ ትከሻው ላይ አደረገና እያነከሰ ወደ ጠጋኙ ወደ ጫኔ ሄደ። ጫኔ ሽፋኑን ፈታ፤ ሴሎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለካ። ከዚያ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ቦርድ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ሴሎቹ ደህና ናቸው። የሞተው ይሄ ነው» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የባትሪው ዘበኛ በለው። ስንት እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚወጣ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሲቃጠል በሩን ዘግቶ ይሞታል።»

«በቃ እሱን ዝለለውና በቀጥታ አገናኝልኝ። ለዛሬ ብቻ።»

ጫኔ ራሱን ነቀነቀ። «ዘበኛ የሌለው ባትሪ እሳት ነው። አንተንም አዝመራንም መንገድ ላይ አላቃጥልም። አዲስ ቦርድ አምጣ፤ ወዲያው እቀይርልሃለሁ።»

ቦርዱ ተቃጠለ፤ ባትሪው አልሠራም፤ ሳይክሉ አልሄደም፤ አዝመራ አልመጣችም፤ ጥሩዬም እህቷን አላየች።

እንዲህ ዓይነት ቦርድ የምትሸጠው ገበያው ጫፍ ላይ መለዋወጫ ቤት ያላት ዘምዘም ናት። ደሳለው የተቃጠለውን ይዞ ሄዶ አሳያት። ዘምዘም መደርደሪያው ላይ አንዲት ካርቶን አየት አደረገችና መልሳ ዓይኗን ሰበረች።

«አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱም የሞላ ነው። ውሃ የሚያመላልሰው ሞላ፤ የሱም ሳይክል በዚሁ ቆሞበት አደራ ብሎኝ ሄዷል።»

«ዘምዘም፣ ሚስቴ እየሞተች ነው።»

«አላህ ይማርልህ ወንድሜ» አለች። «ግን ቃል ሰጥቻለሁ። እሱ ስጪው ካለ እኔ አሁኑኑ እሰጥሃለሁ።»

ዘምዘም ቦርዱን አልሰጠችም፤ ጫኔ ባትሪውን አልሠራም፤ ሳይክሉ አልሄደም፤ አዝመራ አልመጣችም፤ ጥሩዬም እህቷን አላየች።

የሞላ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። ደሳለው ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ወጣ። ሞላ ደጁ ላይ ባዶ ጀሪካኖች መካከል ተቀምጧል፤ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ደሳለው ሁሉንም ነገረው። ሞላ አንገቱን ደፋ።

«ምን ልበልህ? አራስ አለችኝ። ቦኖው ከደረቀ ወዲህ ውሃ የማመጣው ከታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በሳይክል። የሕፃኑ ጨርቅ ሳይታጠብ ተከምሯል።»

«እኔ ተሸክሜ አመጣልሃለሁ።»

«በዚህ እግርህ?» አለ ሞላ፤ ሊያሾፍበት ፈልጎ አልነበረም። «እሺ፣ ዛሬን አመጣህ። ነገስ? ቦኖው ቢከፈትልኝ ቦርዱን በደስታ እለቅልህ ነበር።»

ሞላ አልለቀቀም፤ ዘምዘም አልሰጠችም፤ ጫኔ አልሠራም፤ ሳይክሉ አልሄደም፤ አዝመራ አልመጣችም፤ ጥሩዬም እህቷን አላየች።

ደሳለው ወደ እትዬ ብርቄ ደወለ።

«እንዴት ናት?»

«አለች። ‹ደረሱ?› ትለኛለች። ‹መንገድ ላይ ናቸው› አልኳት፤ ምን ልበላት ልጄ?»

ቦኖውን የሚጠብቁት ወይዘሮ አገሬ ናቸው። ደረቁ ቧንቧ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ደሳለው ገና አፉን ሲከፍት ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱለት። ንፋስ ብቻ ወጣ።

«ክፍት ነው፤ እየው። እኔ መች ከለከልኩ? ፓምፑ ያለ መብራት ውሃ አይስብም። መብራቱ ደግሞ ከጠፋ ሰነበተ። አንሙትን ጠይቀው፤ ምሰሶው ሥር ነው ያለው።»

አንሙት የመብራት ሠራተኛ ነው። ደሳለው ሲደርስ መሰላሉን መሬት ላይ አጋድሞ፣ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ተስፋ እንደ ቆረጠ ሰው ተቀምጦ አገኘው።

«ያን ታያለህ?» አለው ወደ ላይ እያሳየ። ከአንድ ግቢ የወጣ ትልቅ የማንጎ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ተኝቷል። «እሱ ሳይቆረጥ መብራት ብለቅ ሰው ይሞታል። ባለቤቱ ጋሽ ፈንታ ደግሞ መጥረቢያ የያዘ ሰው በአጥራቸው አያሳልፉም። ለመንኩ፣ ሽማግሌ ላክሁ፤ አይሆንም አሉ።»

እንግዲህ አፋችሁ ከለመደ አብራችሁኝ በሉ፤ ቅርንጫፉ አልተቆረጠም፤ አንሙት መብራት አልለቀቀም፤ አገሬ ውሃ አላገኙም፤ ሞላ ቦርዱን አልተወም፤ ዘምዘም አልሰጠችም፤ ጫኔ አልሠራም፤ ሳይክሉ አልሄደም፤ አዝመራ አልመጣችም፤ ጥሩዬም እህቷን አላየች።

ደሳለው የጋሽ ፈንታን በር አንኳኳ። አጭር፣ ፂማቸው የነጣ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ስለ ዛፉ ከሆነ ሂድ» አሉት።

«ስለ ዛፉ ነው አባቴ።»

«እንግዲያው ሂድ። ይህን ማንጎ የተከለችው ልጄ ናት። እሷ የለችም። ከእጇ የቀረኝ ይኸው ነው። አንድ ቅጠል አይነካም።»

በሩ ተዘጋ። ደሳለው የመጣበትን ዳገት ዞሮ አየ። ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ጉልበቱ አብጦ ሱሪውን ሞልቶታል። በሩ ሥር ዘጭ ብሎ ተቀመጠና፣ ትልቅ ሰው፣ በአደባባይ፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ አየው፤ አንሙትም ቆቡን አውልቆ ፊቱን አዞረ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ።

«ለመብራት ብሎ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ፈንታ። «ምን ሆነሃል?»

ደሳለው እንባውን ሳይጠርግ ነገራቸው። «ቅርንጫፉ ካልተቆረጠ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ሞላ ቦርዱን አይለቅም፤ ሞላ ካልለቀቀ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች ጫኔ አይሠራም፤ ካልሠራ ሳይክሉ አይሄድም፤ ካልሄደ አዝመራ አትመጣም፤ ሚስቴ እህቷን ሳታይ ትሞታለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም አባቴ። እህቷን ብቻ።»

 ሽማግሌው፣ «ስትጠራት ሰምተሃታል? በስሟ?» አሉት።

«‹እታለምን አምጣልኝ› ነው ያለችኝ።»

«የኔዋም ጠርታኝ ነበር» አሉ ጋሽ ፈንታ። «ሰው አገር ሆና። ‹አባዬ ይምጣ› ብላ። መንገድ ተዘግቶ በእግሬ ስሄድ ሰንብቼ ስደርስ አፈሩ እንኳ ደርቋል።»

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «አንሙት!» ብለው ተጣሩ። «ና ግባ። እኔ ግን ቆሜ አላይም» ብለው ቤታቸው ገብተው ከውስጥ ቀረቀሩ።

ቅርንጫፉ ተቆረጠ። አንሙት መብራት ለቀቀ፤ ፓምፑ አጓራ፤ የአገሬ ቧንቧ አስነጠሰና ውሃ ተፋ። ሞላ ጀሪካኑን ሞልቶ ለዘምዘም ደወለ፤ «ስጭው፣ ቶሎ ስጭው» አላት። ዘምዘም ካርቶኑን ይዛ እስከ መንገዱ ወጥታ ጠበቀችው፤ ደሳለውም ወደ ጫኔ ደረሰ።

ጫኔ የብየዳ ካውያውን አጋለ። አሮጌውን ቦርድ፣ ሽቦዎቹን ያጣበቀውን ስታኞ እያቀለጠ ፈታው። ከሴሎቹ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በተራ በተራቸው መግባት አለባቸው፤ አንዱ ቦታውን ከሳተ አዲሱም ቦርድ ያንኑ ቅጽበት ይቃጠላል። ሌላ ቦርድ ደግሞ በከተማው የለም። ጫኔ እያንዳንዱን ሽቦ ለካ፤ ደግሞ ለካ።

«ቶሎ በልልኝ» አለ ደሳለው።

«ቶሎ ካልኩ ገደልኳት።»

የመጨረሻው ጥቁር ሽቦ ተበየደ። ጫኔ ቴስተሩን መውጫው ላይ አሳረፈ። ቁጥሩ ወጣ። «ሂድ» አለው። «ሴሎቹ የያዙት ለደርሶ መልስ ይበቃሃል። ሂድ!»

ባትሪው ሠራ፤ ሳይክሉ ሄደ። አዝመራ ነጠላዋን አጣፍታ ደጇ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ደሳለው በማለዳ «ልወስድሽ ነው» ብሎ ከደወለላት ጀምሮ እንዲሁ ነበረች። በመንገዱ ሁሉ ወገቡን ይዛ፣ «አለች?» ትለዋለች፤ «አለች» ይላታል። ያመነውን ይሁን የተመኘውን እሱም አላወቀም።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ደሳለው አዝመራን ደግፎ አስገባት። ጥሩዬ ዓይኖቿ ተከድነዋል፤ ደረቷ በጣም ቀስ እያለ ይነሳል።

«ጥሩዬ» አለች አዝመራ። «መጣሁ።»

ዓይኖቿ ተገለጡ። ብዙ ጊዜ አየቻት፤ ግንባሯን፣ ሽበቷን፣ አገጯን። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ልትል ሞከረች፤ ቦታ ልትለቅላት ነው። ደሳለው አዝመራን አንስቶ አጠገቧ አስተኛት። ልጆች ሆነው በአንድ ቁርበት ላይ እንደሚተኙት ተቃቅፈው ተኙ።

ትንሽ ቆይቶ የጥሩዬ ድምፅ ከብርድ ልብሱ ሥር ተሰማ። «እግርሽ በረዶ ነው።»

«የማይሰማኝ እግር ነው፤ ተይው።»

«ነይ ላሙቅልሽ» አለች ጥሩዬ፤ በሁለቱ እግሮቿም መሃል ያዘችው።

ጎሕ ሲቀድ ጥሩዬ አረፈች። አዝመራ ሰው ሳትጠራ፣ ሳትነቃነቅ፣ ፀሐይ እስክትወጣ አብራት ተኛች።