የአባቷን እጅ ተውሳ

አንዲት ሴት ወረቀት ልትገዛ ወደ መርካቶ ወረደች። ወረቀትና የውሃ ቀለም። ከወረቀት ግዢ ደግሞ ምን ስብከት ይወጣል ትሉ ይሆናል። ግድ የላችሁም፣ ታገሡኝ። ስንቱ ትልቅ ነገር ከሱቅ ደጃፍ ላይ ተጀምሯል።

ሴትየዋ ወይንሸት ትባላለች፤ የሥዕል አስተማሪ ናት። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ አገር ትሄዳለች። ያየችውን ተራራ፣ ገበያ፣ ድልድይ በውሃ ቀለም ትሥልና ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር ትጽፍበታለች። የጉዞ ማስታወሻዋን ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል። እጇ የተባረከ ነው። እሷም ታውቀዋለች፤ መቼም ሰው ናትና ሲያደንቋት ደስ ይላታል።

አባቷ አቶ አስናቀ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጎሬና ከመቱ ቡና ጭነው አዲስ አበባ ሲያራግፉ የኖሩ፣ የግቤን ቁልቁለት በጭቃ የወረዱ፣ መሪ በያዘ እጃቸው የሚኮሩ ሰው። ካረጁ በኋላ ያ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም አየው፣ መድኃኒት ታዘዘ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቃቸውም።

ባለፈው ዓመት ወይንሸት ከሐረር ስትመለስ ማስታወሻዋን ጭናቸው ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ደስ አላቸው። ቀጣዩን ገጽ ሊገልጡ እጃቸውን ሰደዱ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ወረቀቱ ከመሃል ተቀደደ። ከሥዕሎቿ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ነበር። ወይንሸት «ውይ» አለች።

ይኸው ነው። አልተቆጣችም፤ ፊቷንም አላጠቆረችም። ወዲያው «ምንም አይደለም አባዬ» አለች። ነገር ግን ወገኖቼ፣ «ውይ» ቀድማ ወጥታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አቶ አስናቀ እጃቸውን ቀስ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ አላወጡትም። እንግዳ ሲመጣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይላሉ እንጂ አይጨብጡም። ጋዜጣ አይነኩም። የሚገለጥ ነገር ሲቀርብላቸው «አንቺ ግለጪልኝ» ይላሉ። ያን ሁሉ አቀበት የወጣ ሰው በገዛ ቤቱ ተሳፋሪ ሆነ።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ታያለች። ምን ታድርግ? ይቅርታ ብትጠይቅ ቁስሉን መንካት ነው። ዝም ብትል እጁ እንደተቀበረ ሊቀር ነው። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀመጠችና «ዘንድሮ ጎሬ ልሄድ ነው አባዬ፤ በአንተ መንገድ» አለች።

አቶ አስናቀ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ «ዴዴሳ ድልድዩ ላይ ቆም በይና እይልኝ» አሉ።

ወይንሸት መርካቶ የወረደችው ለዚህ ነው።

ወረቀት ሻጩ ጋሽ ሸምሱ የድሮ ደንበኛዋ ናቸው። ገና ሲያዩዋት ከላይኛው መደርደሪያ ምርጡን ጥራዝ አወረዱ፤ ከጥጥ የተሠራውን፣ ውሃ ቢያርከፈክፉበት የማይሸበሸበውን፣ ቀለም ሲነካው የሚያበራውን። «ለአንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አሏት።

ወይንሸት ጥራዙን ተቀበለች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጇን ማንቀጥቀጥ ጀመረች። እያንቀጠቀጠች ገጹን ልትገልጥ ሞከረች። ጠርዙ ተጣጠፈ። ደግማ ሞከረች፤ ጫፉ ተቀደደ።

ጋሽ ሸምሱ ደነገጡ። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ? አሞሻል እንዴ?»

«እኔን አይደለም ጋሽ ሸምሱ። የሚገልጠውን ሰው ነው» አለች።

ይህን ልብ በሉልኝ። ወረቀት የምትመርጠው በራሷ እጅ አልነበረም። የራሷ እጅ ጤነኛ ነው፤ በራሷ እጅ ብትመርጥ ምርጡን ይዛ ትሄድ ነበር። የአባቷን እጅ ተውሳ ነው የመጣችው።

አንዱን አነሣች፣ አንቀጠቀጠች፣ አስቀመጠች። ሌላውን አነሣች፣ አንቀጠቀጠች፣ አስቀመጠች። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተከመረ ወፍራም ካርቶን አየች፤ የመጽሐፍ ሽፋን የሚሠሩበትን።

«እሱ ውሃ ይጠጣል እንጂ ቀለም አያሳይም» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ሥዕልሽን ይገድልብሻል። ለአንቺ አይነገርም እንጂ።»

«አውቃለሁ። ግን አይቀደድም።»

ይህን ሲሰሙ ሰውየውም አንዱን ካርቶን አነሡና እጃቸውን ያንቀጠቅጡ ጀመር። «ይኼኛው ይከብዳል፤ አዛውንት ጉልበት ላይ አይሆንም። ይቺኛዋን ሞክሪያት» አሉ። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ባንኮኒ ተደግፈው እጃቸውን ያንቀጠቅጣሉ፤ ገበያተኛው ቆሞ ያያቸዋል። እኔ ግን ይህን ሳስብ ሥዕል ይታየኛል። እንዴት ያለ ፍቅር ነው ይኼ!

ቀለሙም እንዲሁ ነበር። ከውጭ አገር አስመጥታ የምትሳሳለት፣ እንደ ጉም የሚሣሣ ቀለም ነበራት። ከቦርሳዋ አወጣችና ከጋሽ ሸምሱ ብርጭቆ ውሃ ጠቅሳ ካርቶኑ ላይ ሞከረችው። ጠጣው፤ የት እንደገባ አልታወቀም። የተማሪዎቹን ቀለም ሞከረች፤ ያንን ወፍራሙን፣ ክፍል ውስጥ «በዚህ አትለብጡ» እያለች ልጆቹን የምትቆጣበትን። ቀዩ ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። «ይህን ስጡኝ» አለች፤ ትንሽም ሳቀች።

ካርቶኖቹን በገመድ አሰረቻቸው፣ ገጹ እንደ በር ወለል ብሎ እንዲከፈት። ከዚያ በአባቷ መንገድ ሄደች። ግቤን ሣለች። ዴዴሳ ድልድዩ ላይ ቆመች፣ አየችላቸው፣ ሣለችው። የአባቷ መዳፍ ያልበዋል፣ የውሃ ቀለም ደግሞ ላብ ሲነካው ይለቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ሥዕል ሲደርቅ በጧፍ አሸችው፣ ሰሙ እንዲከድነው።

በደሌ ላይ ያደረችበት ቤት ባለቤት ሥዕሎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና «ጎበዝ ነው፤ የልጅሽ ሥራ ነው?» አለቻት።

ወይንሸትን «እኔ ነኝ እኮ፤ ሌላ ጊዜ የሠራሁትን ብታዪ እኮ» ማለት አማራት። ሰው የሚያደንቃት ሴት ናት፤ ይህ ቀላል አይደለም። ከዚያ «የልጅ ሥራ ነው» አለች። አልዋሸችም። የአባቷ ልጅ ናት።

ተመልሳ ገባች። ማስታወሻውን አባቷ ጭን ላይ አኖረችው። መጀመሪያ ላይ ግቤ ነው፤ ቀዩ አፈር፣ ጠመዝማዛው ቁልቁለት። አቶ አስናቀ አዩት፣ አዩት፣ አልጠገቡትም። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «ግለጪልኝ» አሉ።

ወይንሸት አልገለጠችም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ቁጭ አለች። አባት እጁን ጋቢ ውስጥ ደብቋል፣ ልጅ እጇን ነጠላ ውስጥ ደብቃለች፤ ማስታወሻው በመካከላቸው ተቀምጧል። የአባቷ እጅ ባይወጣስ?

ሾፌር ግን ኩርባው ላይ ቆሞ መቅረት ይችላል? ከኩርባው ወዲያ ያለውን ሳያይ ያስችለዋል? ጋቢው ተንቀሳቀሰ። እጁ ወጣ። ገርጥቷል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ካርቶኑን ሲይዘው ካርቶኑም አብሮት ጉልበታቸው ላይ ይንኳኳ ጀመር። ግን አልተቀደደም። አልተጣጠፈም። ገጹ ተገለጠ።

ደግመው ገለጡ። ደግመው። ዴዴሳ ጋ ሲደርሱ ሰሙ ሁለቱን ገጾች አጣብቋቸው ኖሮ እጃቸው ታገለ። ወይንሸት ሳታስበው እጇን ለእርዳታ ዘረጋች።

አቶ አስናቀ ቀና ብለው አዩዋት። «ተይው» አሉ። «ሾፌሩ እኔ ነኝ።»

ወገኖቼ፣ እኔ ይህችን ሴት አደንቃታለሁ። ብዙ ሰው ምርጡን ይሰጣል። ምርጡን መስጠት ያስመሰግናል፤ የሰጪውንም ስም ያስጠራል። ተቀባዩ ሊይዘው የሚችለውን ለመስጠት ግን ስምን መተው ይጠይቃል። እሷ «የልጅ ሥራ ነው» እስከ ማለት ደረሰች።

እናንተስ እንዴት ነው የምትሰጡት? የታመመ ልትጠይቁ ስትሄዱ የምትይዙት የሚያምረውን ነው ወይስ ሕመምተኛው የሚውጠውን? ለልጃችሁ ምክር ስትሰጡ ልጁ እንዲይዘው ነው ወይስ እናንተ ተናግራችሁ እንዲወጣላችሁ? ላዘነ ሰው የምትናገሩት ቃል ያማረ ነው፤ እሺ፤ በሚንቀጠቀጥ ልብ ይያዛል ወይ?

እግዚአብሔርስ ለእኛ እንዴት ሰጠን? የከበረ ነገር አጥቶ ነው ሥጋችንን የለበሰው? እጃችንን አይቶ ነው እንጂ። ክብሩን እንዳለ ቢያወርደው ማናችን እንችለው ነበር? ስለዚህ ሊታቀፉት የሚችሉት ሕፃን ሆኖ መጣ። የሚንቀጠቀጥ እጅ የሚይዘው አምላክ ሆነልን።

አሁን ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እዚያ እጁን ጋቢው ውስጥ የደበቀ ሰው አለ። ምናልባት አባታችሁ ነው፤ ምናልባት የትዳር ጓደኛችሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን ሲሳሳት «ውይ» ያላችሁበት ልጃችሁ። ያን ቃል መመለስ አትችሉም። እጁን መዋስ ግን ትችላላችሁ። በእሱ እጅ ያዙ፣ በእሱ እጅ መዝኑ፣ የማይቀደድ ነገር ፈልጉለት፤ ቢያስንቃችሁም ግድ የላችሁም። ከዚያ የራሳችሁን እጅ ሰብስባችሁ ጠብቁ። አንድ ቀን «ተዉት፣ ሾፌሩ እኔ ነኝ» ይላችኋል። ያን ጊዜ አትከራከሩት፤ አብራችሁት ተሳፈሩ።