አንበሳ ያልገደለው ወልደየስ

መርሐቤቴ ውስጥ፣ ሰው የማያውቀውን ነገር አሳምሮ ሲናገር ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ዝም ብላ የመጣች አይደለችም፤ መነሻዋ አንድ ለቅሶ ነው።

ወልደየስ የሚባል ሰው ሞተ። ሚስቱ ደብሪቱ ልጅ አልወለደችለትም፤ የቅርብ ዘመድም አልነበረውም። ከሐዘኗ በላይ የከነከናት፣ ባሏ አልቃሽ እንደሌለው ሰው በደረቅ ዓይን እንዳይሸኝ ነበር። ስለዚህ ያላትን ሙክት ሰጥታ፣ ስሟ በአገሩ የገነነውን አልቃሽ ወይዘሮ በለጡን አስጠራች።

የሙሾ ደንብ የታወቀ ነው። አልቃሽ አስቀድማ ከሐዘንተኞቹ ጋር ትቀመጥና ሟቹ ምን ሠራ፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር ብላ ትጠይቃለች። በለጡ ግን ከአንድ ባላባት ለቅሶ በቀጥታ የመጣች ናት፤ ረፍዶባታል፣ የዚያኛው ግጥምም ገና ከአፏ አልወረደም። ምንም ሳትጠይቅ ለቅሶው መሀል ገባችና ድምጿን ለቀቀችው።

«ጎራው ተናወጠ ጫካው ተሸበረ፣
አንበሳ ገዳዩ ዛሬ ተቀበረ።»

ሕዝቡ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። አንዱም «አይ ግጥም» አለ አጠገቡ ለቆመው። ደብሪቱ ግን ዙሪያውን ብታይ አንድም የረጠበ ጉንጭ የለም። የባሰው ደግሞ የራሷም እንባ ቀጥ ማለቱ ነው። ወልደየስ እንኳን አንበሳ ሊገድል፣ የጎረቤት ውሻ ሲጮህበት መንገድ የሚቀይር ሰው ነበር። የሰው ባል እየተለቀሰ የሷ እንዲሁ ሊቀበር ሆነ፤ ተናደደች። ተነሥታ የአልቃሿን ነጠላ ያዝ አደረገች።

«እሜቴ፣ ይሄ የኔ ባል አይደለም» አለቻት።

በለጡ ደነገጠች። «ታዲያ ያንቺ ምን ነበር?»

«ምንም አልነበረም። ክረምት ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሰው በትከሻው ያሻግር ነበር። እህል ቢሰጡት አይቀበል፤ ሲያመሰግኑትም ያፍራል።»

አልቃሿ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ክረምቱ ሲገባ ወንዛችን ሲሞላ፣
ማን ያሻግረናል ከእንግዲህ በኋላ?»

አለች።

መጀመሪያ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ያሻገራት አንዲት ሴት ጮኸች። ከዚያ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እዚያ ከቆመው ሰው ያ ትከሻ ያልተሸከመው ጥቂቱን ነበር። ደብሪቱም እንደ ልቧ አለቀሰች፤ ወጣላት።

ከቀብር መልስ በለጡ ትንሽ ቅር እንዳላት ከአንድ የአገሩ ሽማግሌ፣ ከአቶ ሽበሺ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስቲ እውነቱን ይፍረዱ አባቴ፤ የፊተኛው ግጥም አይበልጥም?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸው ገና እንደቀላ፣ «በግጥምነቱስ ይበልጣል ልጄ፤ ግን ሟቹን የማያውቅ ሙሾ ዘፈን ነው» አሏት።