ንብ አርቢው የደበቁት ምዕራፍ

ወገኖቼ፣ ዳንግላ አካባቢ አንድ ንብ አርቢ ነበሩ። ንብ ከቀፎ ሲኮበልል የአገሩ ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። መጥተው «ዞር በሉ!» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ምን እንዳደረጉ ማንም አያይም፤ ንቡ ግን ይመለሳል።

እርጅና ሲመጣ አንድ ሐሳብ ያስጨንቃቸው ጀመር። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል። ሙያዬን ከእኔ ጋር አፈር ሊበላው ነው፣ ብለው ፈሩ። ስለዚህ መጽሐፍ ሊጽፉ ተነሡ። አሳታሚውም፣ «መጀመሪያ ዕቅዱንና ሁለት ናሙና ምዕራፎች ይላኩልን፤ አይተን እንወስናለን» አላቸው።

ጻፉ። እንዴት አድርገው እንደጻፉ! አንዱ ምዕራፍ የንብን ትጋት ያወድሳል፤ ሌላው የማርን ጥቅም ይዘረዝራል።

አርታዒዋ ደወለችላቸው። «አባባ፣ አጻጻፍዎ ደስ ይላል። ግን ይህን አንብቤ የኮበለለ ንብ መመለስ እችላለሁ?»

«በጭራሽ!» አሉ፣ ኮራ ብለው።

«ታዲያ መጽሐፉ ለምን ይጠቅመኛል?»

ስልኩን ዘግተው ተቆጡ። «የቤቴን ምስጢር አደባባይ ላውጣው? ሙያ ሲነገር ይረክሳል!»

ባለቤታቸው እማማ ደብሪቱ ሽንኩርት እየከተፉ፣ «አንተ ሰው፣ አባትህስ ነግረውህ ነበር?» አሏቸው።

አልነገሯቸውማ! አባትየው ምስጢሩን ይዘውት ነው የሞቱት። እሳቸው ያንኑ ነገር እንደገና ለማግኘት ስምንት ዓመት ፈጅተዋል፤ ስንት መንጋ ወደ ጫካ ሲበርር ቆመው አይተዋል። አባታቸውን በጣም ይወዷቸው ነበር። ያም ሆኖ ንቡ በሄደ ቁጥር፣ «ምነው አባቴ፣ ለእኔ እንኳ!» እያሉ አልቅሰዋል።

በማግስቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ጻፉ። «የባዶውን ቀፎ ውስጡን በጠጅ ሳር እሹት» ብሎ ይጀምራል። ጠጅ ሳር! በየጓሮአችን ያለው! አርታዒዋ ያን ምዕራፍ አንብባ ሳትጨርስ መጽሐፉን ተቀበለች።

አትሳቁባቸው። እናንተስ? ለልጆቻችሁ «ጸልዩ» ትላላችሁ። ስትጸልዩ አይተዋችሁ ያውቃሉ? «ትዳር ክቡር ነው» ትላላችሁ። ያን ክፉ ዓመት እንዴት እንደታረቃችሁ ነገራችኋቸው? ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት ታወራላችሁ። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጭንቅ ደረሰላችሁ? ውዳሴውንማ ልጆቻችሁ ከእኔም ይሰሙታል። ያንን ግን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ቤት ስትገቡ አንዱን ልጅ ጠርታችሁ አስቀምጡት። «እኔ እዚህ ጋ ወድቄ ነበር፤ እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ አነሣኝ» በሉት። ታፍሩ ይሆናል። እፈሩና ንገሩት። ገና በሕይወት ሳላችሁ፣ ከአፋችሁ ይስማው።