ዳዶውን መልሶ ያጠበቀው ሰው

«አንድ ባለሞተር ነበረ» አሉ ሼህ ኑርዬ፣ ዘሀራ ጠይቃቸው ስታበቃ።

የጠየቀቻቸው ስለ ልጇ ነው። ልጅቷ ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ከሰው ጋር አታወራም። ትናንት ግን ከእናቷ ጋር ምስር እየለቀመች ሳለ፣ ሳይታሰብ «የነበርኩበት ቤት መስኮቱ አይከፈትም ነበር» አለች። የእናት ሆድ አልቻለም። ማን ዘጋው፣ ምን አደረጉሽ፣ መቱሽ ወይ እያለች ጥያቄውን አከታተለችባት። ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዘሀራ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄን በገዛ አፌ ዘጋኋት ወይ?

ሼሁ ለጥያቄ ቀጥታ መልስ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። የጠየቃቸው ሰው ቁጭ ብሎ መስማት ነው ያለበት።

ይህ ባለሞተር እንጀራው ከቆላ ሰው እያፈናጠጠ ወደ ገበያ ማምጣት ነበር። አንድ ቀን የጭስ መውጫው ማርሚታ ከሞተሩ ጋር ከተገጠመበት ቦታ ጭስ ያፈተልክ ጀመር። ጩኸቱ አገር ይያዝልኝ አለ። ግመሎች ደነበሩ፤ አሮጊቶችም ከዚህስ በእግራችን ብንሄድ ይሻለናል እያሉ ተዉት። ማርሚታውን አውርዶ ማሸጊያውን መቀየር ግድ ሆነ። ማርሚታውን ያጠበቁት ሁለት ዳዶዎች፣ እነዚያ ቡሎን ላይ የሚዞሩት ብረቶች፣ ግን ዝገት በልቷቸው ከቡሎናቸው ጋር አንድ አካል ሆነዋል።

ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ሞተሩን አስነስቶ ብረቱን አጋለ፤ አጥፍቶም በረድ ሲል ዘይት አጠጣውና ጠበቀ። ይህን ደጋግሞ አደረገ። በመጨረሻ መፍቻውን ቢጫነው የመጀመሪያው ዳዶ ንቅንቅ አለ። ያኔ ደስታ ናላውን አዞረው። ሊፈታልኝ ነው ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ዳዶው ሲጢጥ አለ፣ ከበደ፤ እሱ ግን ማን ሊሰማው። ቡሎኑ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

የቀረው አንድ ነበር። እሱም ከተሰበረ ሞተሩ ቆሞ መቅረቱ ነው፤ የልጆቹም ጉሮሮ መዘጋቱ ነው። ሰውዬው ፈራ። ሁለተኛውንም እንደዚያው አሞቀ፣ ዘይት አጠጣ። ዳዶው ትንሽ ዞረና ያንኑ ሲጢጥታ አሰማ። ሰውዬው ድምፁን አወቀው። የመጀመሪያው የተሰበረው እንቢ ባለ ጊዜ አልነበረም፤ እሺ ካለ በኋላ ነው።

ስለዚህ ያየውን ሁሉ አብዷል የሚያሰኝ ነገር አደረገ። ስንት የደከመበትን ዳዶ ወደ መጣበት አዙሮ መልሶ አጠበቀው። ዘይት ጨመረለት። ደግሞ ላላ አደረገው፤ ከበፊቱ ጥቂት አለፍ አለ። አሁንም መለሰው። እንዲህ ሲወስደውና ሲመልሰው የዝገቱ ዱቄት ከዘይቱ ጋር እየወጣ፣ ዳዶው መጨረሻ ላይ በጣት ዞረ።

ማርሚታው ወረደ። ሲወርድም የዚያ የተሰበረው ቡሎን ጉማጅ በፒንሳ ለመያዝ የሚበቃ ያህል ብቅ ብሎ ተገኘ። ያንንም በዚያው መንገድ፣ ወሰድ መለስ እያደረገ አወጣው።

ሼሁ ወደ ዘሀራ ዞሩ።

«ልጅሽ እንደዚያ ዳዶ ናት። ትናንት ንቅንቅ አለች፤ አንቺም ደስ አለሽና ሳብሻት። እናት ነሽ፣ አልፈርድብሽም። ግን ዝም ያለ ሰው የሚሰበረው ዝም ሲል አይደለም፤ መናገር ሲጀምር ነው። አንዲት ቃል ስትሰጥሽ ተቀበይና ወደ ምስሩ መልሻት። ጊዜዋ ሲደርስ ሌላ ትሰጥሻለች።»

«የሰበርኩትስ፣ ሼሁ?»

«የተሰበረውም ወጥቷል አልኩሽ እኮ፤ የት ሄደሽ ነበር?» አሉ ፈገግ ብለው። «አሁን ቤትሽ ግቢ። ምንም አትጠይቂያት። መስኮቱን ክፈቺና አጠገቧ ተቀመጪ።»