የጫማ ሰፊው ምስክርነት

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ጥግ ይዞ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ነበር። የቤቲንግ ቤቱ ባለቤት ባሉት አምስት የቁማር ማሽኖች ላይ አሥር ሊጨምር አመለከተ። ደንቡ ግን ጎረቤት ቀርቦ ካልመሰከረ ፈቃድ አይሰጥም ይላል። ስለዚህ የፈቃድ ኃላፊው አቶ ባንትይርጉ ሰፈርተኛውን አዳራሽ ሰበሰቡና፣ ይህ ምስኪን አይከራከረኝም ብለው ጫማ ሰፊውን አስነሡት።

ጫማ ሰፊው ነገሩ ገብቶታል። የሚቀመጥባትን ጥግ የሚፈቅዱለትም የሚከለክሉትም እኚሁ ሰውዬ ናቸው።

"ነገር አላበዛብህም" አሉት ኃላፊው ከረባታቸውን እያስተካከሉ። "ማሽኖቹ ከገቡ ወዲህ ገበያህ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?"

"እውነቱን ለመናገር ጨምሯል፣ ጌታዬ።"

የአቶ ባንትይርጉ ፊት በራ። ጸሐፊዋን "ጻፊ!" አሏትና ወደ እሱ ዞረው፣ "እስቲ እንዴት እንደጨመረ ለሕዝቡ አስረዳ" አሉት።

"ድሮ ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ጫማውን ሊያሰፋ ነበር። አሁን ከማሽኑ ተነሥቶ በቀጥታ የሚመጣው ጫማውን ሊሸጥልኝ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው "ይህንን አትጻፊው!" ቢሉም ጸሐፊዋ ጽፋ ጨርሳለች።

ጫማ ሰፊው ግን ገና አልተቀመጠም። "አንድ ልመና አለኝ፣ ጌታዬ" አለ እጅ ነሥቶ። "ለቤቲንግ ቤቱ የአሥሩን ማሽን ፈቃድ ሲፈርሙ፣ ለእኔም የጫማ መደብር ፈቃድ አብረው ይፈርሙልኝ።"