ድምቡሽ ምንጩ ዳር ያደረገው

ድምቡሽ የለም። የአያ ጫኔ ልጅ ነበር፤ ገና ጡት ያልጣለ የአህያ ውርንጭላ።

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ውሃም ድንጋይም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን አንድ አገር ነበረ። አገሩ አንድ ምንጭ ነበረው፤ ምንጩም አንድ ሕግ። ሕጉ፣ «አንበሳ ሳይጠጣ ማንም አይጠጣም» ይላል። አንበሳ ደግሞ እንቅልፍ ይወዳል። እሱ ሲያንኮራፋ እንስሳቱ ምላሳቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ድምቡሽ ወደ ምንጩ ወረደ። አባቱ አያ ጫኔ ከኋላው ነበር። ድምቡሽ አፍንጫውን ወደ ውሃው ዝቅ አደረገ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አንበሳ ባንኖ ተነሣ፣ ዘለለ፣ በመዳፉ መታው። ድምቡሽ ወደቀ።

ያኔ ኮርማው ቀንዱን አቀና። ፍየሎቹ ጮኹ። በጎቹ እንኳ፣ እነዚያ በጎች፣ ወደፊት ሄዱ! አንበሳ ጅራቱን በእግሩ መሐል ሸጉጦ ኮረብታውን ተሻገረ። ወጥቶ ቀረ።

«ነጻ ወጣን!» አለ አገሩ። ቀጥሎም፣ «ግን ይህ ነገር ምን ማለት ነው?» አለ።

እመት ጦጢት ከዛፏ ላይ መለሰች። «ልጁ የጠጣው ለሁላችን ነው። ሕጉን በአፍንጫው ሰበረው! እንግዲህ እንደ እሱ ማንንም ሳንጠብቅ እንጠጣ፤ ሁላችንም ባንዴ!»

ሁሉም ባንዴ ገቡ። ውሃው ጭቃ ሆነ። በጉ ሲያስል ዋለ።

አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጣ። «ምን ጠጣ? ጸለየ እንጂ! ያን ጠዋት ጮኼ ነበር፤ እኔን ሰምቶ ነው የጎነበሰ። እንግዲህ እኔ ሳልጮኽ ማንም ምንጩን አይንካ።»

በነጋታው አውራ ዶሮ ጉንፋን ያዘው። ድምፁ ተዘጋ። አገሩ ሲጠማ ዋለ።

አባ ኤሊ ከድንጋዩ ሥር ራሱን አወጣ። «ችኩሎች! አንበሳ የወደቀው ዘመኑ ስላለቀ ነው። ይህ ልጅ ባይጎነብስ ሌላ ይጎነብስ ነበር። ሁሉም በጊዜው ይደርሳል። እኔም መጥቼ እስካስረዳችሁ ጠብቁኝ።»

ጠበቁት። እየመጣ ነበር።

አያ ጫኔ ይህን ሁሉ ቆሞ ይሰማል። «ሌላ ይጎነብስ ነበር» ሲባል ግን የጋጠውን ሣር ከአፉ ጣለ። ከልጁ የቀረችው ያቺ ጠዋት ብቻ ናት። እሷንም እየተቀራመቱበት ነው።

የድምቡሽ ተዝካር ዕለት እንስሳቱ በሦስት ተከፍለው ምንጩ ዳር ቆሙ። ቀንድ ለቀንድ ሊገጥሙ ነው። አንዲት አሮጊት ፍየል መሐል ገባች።

«እስቲ አባትየው ይጠየቅ! አያ ጫኔ፣ ልጅህ ለምን ጠጣ?»

«አልጠጣም።»

«ይኸው! ጸለየ ማለት ነው» አለ አውራ ዶሮ።

«አልጸለየም።»

እመት ጦጢት በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «ወንድሜ፣ ሐዘኑ ከብዶህ ነው። ስለ ድምቡሽ እኛ እንንገርህ።»

«ሰማኋችሁ፤ ይበቃል። በዋዜማው ሰላምታ አስተምሬው ነበር። እንግዳ ስታይ ሦስት ጊዜ ሳም፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ብዬው ነበር። ጠዋት ውሃው ውስጥ ውርንጭላ አየ። 'አባዬ፣ እንግዳ መጥቷል! ጆሮው የኔን ያህላል!' አለኝ።»



«ምስክር አለህ?» አለ አውራ ዶሮ በተዘጋ ድምፁ።

«እኔ አለሁ» አለ ምንጩ። «ቀኜን ሳመኝ፣ ግራዬን ሳመኝ። አንዲት ጠብታ አልጎደለችብኝም።»

«ታዲያ እስካሁን አፍህን ምን ዘጋው?» አለ አውራ ዶሮ።

«ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም ስለ እኔ ስታወሩ ነበር።»

እመት ጦጢት ጭራዋን አከከች። «በመሳም እንዴት አድርጎ ሕግ ይቆማል?»

«ይቆማል» አለች አሮጊቷ ፍየል። «ከዛሬ ጀምሮ ትንንሾቹ ይቅደሙ።»

መጀመሪያ ግልገሉ ጠጣ። ከዚያ ጥጃው። ከዚያ የቀረው በተራው። አያ ጫኔ መጨረሻ ላይ ወረደ። ከመጠጣቱ በፊት አፍንጫውን ውሃው ላይ አሳረፈና ቀና አለ። አህያ ዛሬም ውሃ ሲጠጣ እንዲህ ያደርጋል። ለምን እንደሆነ አዋቂዎች ብዙ ይላሉ። አባ ኤሊም ደርሶ እስኪያስረዳን እየጠበቅን ነው።

ዙፋን ሲወድቅ ፈቺው ብዙ ነው፤ ልጅ ሲወድቅ የሚያውቀው የወለደው ነው።

ድምቡሽ ያን ጠዋት ቀኙን ሳመ። ግራውን ሳመ። ለሦስተኛው አንገቱን ዘረጋ።